ኦይኒሶ ለሐኪሙ ያልነገረችው

መርማሪ ሳድባርግ ክሊኒኩ ስትደርስ ኦይኒሶ በግራ ጎኗ ተኝታ ነበር፤ ጉልበቷን አጠፍ፣ አንድ እጇን ከጉንጯ ሥር አድርጋ። ለጨጓራ ምርመራው መጀመሪያ ያስተኟት እንደዚያ ነበር። የሚያስተኛው መርፌ ከተሰጣት ከአራት ደቂቃ በኋላ ትንፋሿ ቀነሰ፤ ከዚያም ቆመ። ካሜራ ያለበት ቱቦ ገና አፏ አልደረሰም። በጀርባዋ አንጋለው አርባ ደቂቃ ሙሉ ደረቷን ተጫኑ፣ አየር ሰጧት፤ አልተመለሰችም።

«መልሰሽ በጎናቸው ያስተኛሻቸው አንቺ ነሽ?» ሳድባርግ ነርሷን ጠየቀቻት።

ታህሚና ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ዐይኗ አብጧል። «እኔ ነኝ» አለች። «በጀርባቸው ሲሆኑ ማየት አልቻልኩም። እንደዚህ ግን የተኙ ይመስላሉ።»

ከኮሪደሩ የሻህሎ ጩኸት ይሰማል። የሟች ልጅ ናት። «በእግሯ የመጣችን ሴት!» ትላለች ደጋግማ። «በእግሯ የመጣችን ሴት!»

ዶክተር ኢስካንዳር መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። በኹጃንድ ከተማ ይህን ምርመራ ሲሠራ ሃያ ዓመት ሆኖታል፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን ደርሶበት አያውቅም።

«ስንት ሰጧቸው?»

«ሐምሳ ኪሎ ለማይሞላ ሰው የሚሰጠውን። ብልቃጡ እዚያው ነው፤ ይለኩት።»

ሳድባርግ አስለካችው። ልክ ነበር፤ እንዲያውም ያነሰ። ከዚያ ቅጹን አነሳች። «ከምሽት ጀምሮ የተበላ፦ ምንም። ዛሬ የተወሰደ መድኃኒት፦ የደም ግፊት ኪኒን ብቻ።» ከቅጹ ጋር ክሊኒኩ ለበሽተኞች ቀድሞ የሚሰጠው መመሪያ ተያይዟል። «በየቀኑ የሚወስዱትን ኪኒን ጠዋት በአንድ ጉንጭ ውሃ ይውሰዱ፤ የስኳር ኪኒን ግን አይውሰዱ» ይላል።

«ታዲያ ምን ገደላቸው?»

«መርፌው ብቻ ቢሆን አይሞቱም ነበር» አለ ሐኪሙ። «ከእሱ በፊት ሌላ የሚያደነዝዝ ነገር ሰውነታቸው ውስጥ ነበረ ብዬ እጠረጥራለሁ። ግን በእኔ ቦታ የተቀመጠ ሐኪም ሁሉ እንዲህ ስለሚል፣ አይመኑኝ።»

ሳድባርግ ይህን መልስ ወደደችው። ደም እንዲመረመር አዘዘች።

ውጤቱ በስድስተኛው ቀን መጣ፤ ሐኪሙ አልዋሸም። በኦይኒሶ ደም ውስጥ ጠንካራ የእንቅልፍ ኪኒን ተገኘ። ማንም ሐኪም አዞላት አያውቅም።

ሳድባርግ ወደ ሐዘንተኞቹ ቤት ሄደች። ከበሩ ውጭ የሰፈሩ ወንዶች ለሐዘኑ ቀበቷቸውን ታጥቀው አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ውስጥ ሴቶቹ ሰማያዊ የሐዘን ቀሚስ ለብሰው ምንጣፍ ላይ ናቸው። አንዲት ሴት ብቻ ከእነሱ ተለይታ በጓሮ ብረት ድስት ትፈገፍጋለች። የሟች ምራት ናሲባ ናት፤ ከሁለት ዓመት በፊት ሩሲያ ውስጥ ከሕንፃ ወድቆ የሞተው የባህሮም ሚስት።

ሻህሎ መርማሪዋን ወደ ጓዳ ወሰደቻት። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ትምህርት ቤት ታስተምራለች፤ ቃሏን የምትመዝን ሴት ናት።

«የእንቅልፍ ኪኒን?» አለች። «ኦያዬ፣ እናቴ? ጠባይዋን አያውቁም! ወንድሜ ሲሞት አንድ እንባ አላወጣችም። እኛን ሰብስባ ‹ለቅሶ ቤት አያቆምም፤ ሥራችሁን ሥሩ› ያለችን እሷ ናት። እንደሷ ያለ ሰው ኪኒን ይውጣል?»

«እንግዲያው ሰው ሰጥቷቸዋል ማለት ነው።»

ሻህሎ በሩን ዘጋች። «ልናገረው አልፈለግኩም ነበር። ሐኪም ቤት ልንሄድ ሦስት ቀን ሲቀረው ኦያና ናሲባ በዚህ ጓዳ ሲጨቃጨቁ ሰምቻለሁ። በሩ ዝግ ነበር፤ በሹክሹክታ ነው።»

«ምን ተባባሉ?»

«ኦያ ልትነግርባት ነበር፤ ያቺ ደግሞ ለመነቻት።»

«እሱ የአንቺ ሐሳብ ነው፣ የኔ ልጅ። እኔ የምፈልገው ጆሮሽ የሰማውን ነው። ቃል በቃል።»

ሻህሎ ዐይኗን ጨፈነች። «‹እርስዎ ካልተዉት ለዳዳ እነግራለሁ› ሲባል ሰማሁ። ከዚያ ‹ብትነግሪ በቁሜ ቀበርሽኝ› ሲባል ሰማሁ። ከዚያ የናሲባ ልጅ ሎላ እየሮጠች መጣችና ዝም አሉ።»

«ዳዳ የምትሉት አባትሽን ነው?»

«እሱን ነው። ናሲባም እንደዚያው ትለዋለች። ለእኔ ነገሩ ግልጽ ነው። ሌላ ወንድ ይዛለች፤ አግብታ የወንድሜን ልጅ ይዛ ልትሄድ። እናቴ ደረሰችባት።»

«እስቲ ያልሽውን በእጅሽ ጻፊልኝና ፈርሚበት።»

ሻህሎ ጻፈች። ሳድባርግ ወረቀቱን ሁለቴ አንብባ አጠፈችው።

በመንገዱ ጫፍ ያለው መድኃኒት ቤት የኮሚል ነው። ወፍራም፣ ቀልደኛ ሰው ነው፤ ሳድባርግን ሲያይ እጁን ወደ ላይ አነሳ። «እጅ ሰጥቻለሁ! ለጉልበትሽ ነው ወይስ ለእኔ ነው የመጣሽው?»

«ጉልበቴን ያንተ ቅባት ነው የባሰ ያደረገው። ይህን ኪኒን ለማን ሸጥክ?»

ኮሚል የመድኃኒቱን ስም አነበበና ቀልዱ ከፊቱ ጠፋ። «ያለ ሐኪም ማዘዣ አልሸጥም።»

«አልጠየቅኩህም። ለማን?»

«ለእንጨት ጠራቢው ለኡስቶ ሐምሮ ምራት፣ ለናሲባ። በየወሩ ትመጣለች። ማዘዣው በስሟ ነው፤ ባሏ ከሞተ ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ ብላ ለሐኪም ነግራ ያጻፈችው ነው። የሚገርመው ግን፣ ይህን እየዋጠች እንዴት እንደምትነቃ ነው። ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እዚህ ደጅ ስትጠርግ አያታለሁ። ይህን የዋጠ ሰው በዚያ ሰዓት መጥረጊያ ቀርቶ ራሱንም አያነሳም።»

በማግስቱ ናሲባ ቢሮ ተጠራች። ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ እጇ በሙቅ ውሃና በሳሙና ቀልቷል።

«ኪኒኑን አንቺ ትገዣለሽ?»

«አዎ።»

«ትውጪዋለሽ?»

ናሲባ እጇን ከጠረጴዛው ሥር ደበቀች።

«ለአማትሽ ሰጥተሻቸዋል?»

ናሲባ አቀረቀረች።

«ናሲባ፣ አለቃዬ ዛሬውኑ ትታሰር ብሎኛል። እስከ ሃያኛው የሐዘን ቀን ድረስ ጊዜ ስጠኝ ብዬው ነው። ከታሰርሽ ልጅሽ ከሻህሎ ጋር ናት የምትቀረው። ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል» አለች። «ግን የሌላ ሰው የሆነውን ነገር አውጥቼ መስጠት አልችልም።»

ሳድባርግ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችም። በር ድረስ ሸኘቻት፤ ይህን ለተጠርጣሪ አድርጋ አታውቅም።

የሟች ባል ሐምሮ እንጨት ጠራቢ ነው፤ ‹ኡስቶ› የሚሉት ለሙያው አክብሮት ነው፤ የመስጊዱን ምሰሶዎች የቀረጸው እሱ ነው። ሳድባርግ ያገኘችው መሮውን ይዞ ምንም ሳይቀርጽ ተቀምጦ ነው።

«የሚስትዎን ክፍል ልይ?»

«እይ፣ ልጄ። የጥልፍ ክፍሏ ነው። እኔ እዚያ አልገባም፤ ‹የእንጨት ብናኝ ታመጣብኛለህ› ትለኝ ነበር።»

«ቤቱን የሚያጸዳ ማን ነው?»

«ናሲባ። ቆሻሻውን የምደፋው ግን እኔ ነኝ። ትንሽ ልንቀሳቀስ ብዬ።»

ክፍሉ ንጹሕ ነበር። ግድግዳው ላይ አንድ ትልቅ ጥልፍ በግማሽ ቀርቷል። ሳድባርግ ክሮቹን፣ መሳቢያውን፣ ከዚያም ኦይኒሶ ስትሠራ የምትደገፍበትን ትራስ አየች። ትራሱ ሲጫኑት ይንኮሻኮሻል። ስፌቱን ፈታ አድርጋ እጇን ሰደደች። ባዶ የኪኒን ማሸጊያዎች ወጡ፤ በጥንቃቄ ጠፍጥፈው የተደረደሩ፣ ከሃያ የሚበልጡ። ከሁሉም ያረጀው የተሠራበት ቀን ባህሮም የሞተበት ዓመት ነው።

የቀራት አንድ ሰው ነበር። ነርሷን ክሊኒኩ ግቢ ውስጥ አገኘቻት። ታህሚና ከሥራ ታግዳለች፤ ግን ቤቷ መቀመጥ ስላልቻለች በየቀኑ እየመጣች ከበሩ አጠገብ ትቆማለች።

«ቅጹን የሞላሽው የት ነው?»

«መጠበቂያው ጋ። ልጃቸው አጠገባቸው ነበረች። ‹ዛሬ ምን መድኃኒት ወሰዱ?› አልኳቸው። መጀመሪያ ልጃቸውን አዩ። ልጃቸው ‹የግፊት ኪኒን ብቻ ነው፣ ሌላ ነገር አትወስድም› አለችኝ። እሳቸውም ‹እሱን ብቻ› አሉ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ወደ ውስጥ አስገባኋቸው። ያዛጋቸው ነበር። ‹ሌሊት አልተኙም?› ስላቸው ሳቁ። ልብሳቸውን ሲቀይሩ ሻሻቸውን አላወልቅም አሉ። የሻሹን ጫፍ በእጃቸው ጨብጠው ‹የኔ ልጅ፣ አንድ ነገር ላሳይሽ ነበር› አሉኝ። ያን ጊዜ ዶክተሩ ገባ፤ ውጭ ሰባት ሰው እየጠበቀን ነበር። ‹በኋላ ያሳዩኛል፣ ሲነቁ› አልኳቸው።» ታህሚና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። «ሲነቁ አልኳቸው።»

«ሻሹ የት ነው ያለው?»

«ከልብሳቸው ጋር ለልጃቸው ሰጠሁ።»

በሃያኛው ቀን ቀትር ላይ ቁርዓኑ ተቀርቶ፣ የሐዘኑ ሩዝ፣ ኦሹ፣ ተበልቶ እንግዶቹ ሲሄዱ ሳድባርግ ስድስት ሰዎችን በትልቁ ክፍል ሰበሰበች። ኡስቶ ሐምሮ ግድግዳው ሥር ተቀመጠ። ሻህሎ ከአጠገቡ። ዶክተር ኢስካንዳርና ታህሚና በሩ ጋ፤ ኮሚል ሻይ ይዞ ግን ሳይጠጣ። ናሲባ ቆማለች፤ ተቀመጪ ያላት የለም።

«ተቀመጪ» አለች ሳድባርግ።

«እሷ ካለችበት እኔ...» ሻህሎ ጀመረች።

«አንቺም ትቆያለሽ። እዚህ ያደረሰን አንቺ የጻፍሽው ነው።»

ሳድባርግ ወረቀቱን አወጣች። «ገዳዩ መርፌው ብቻ አይደለም። መርፌው የመጣው አስቀድሞ በኪኒን የደከመ ሰውነት ላይ ነው። ስለዚህ ጥያቄው አንድ ነው፦ ኪኒኑን ማን ሰጠ? የሸጠው ኮሚል ነው፤ የገዛችው ናሲባ ናት። እስከዚህ ድረስ ሻህሎ ትክክል ናት።»

ናሲባ ዐይኗን ከምንጣፉ አላነሳችም።

«ኮሚል ግን አንድ ነገር ነገረኝ። በየወሩ ይህን የምትገዛ ሴት በማለዳ ደጅ ትጠርጋለች። እሷ አትውጠውም። ታዲያ ለማን ነው? ሻህሎ፣ ከጻፍሽው የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር አንብቢልኝ።»

ሻህሎ ወረቀቱን ተቀበለች። «‹እርስዎ ካልተዉት ለዳዳ እነግራለሁ።›»

«እናትሽ ናሲባን ‹እርስዎ› ይሏት ነበር?»

ሻህሎ ወረቀቱን እንደገና አየች፤ ፊደሉ የራሷ ነው።

«ሁለተኛውንስ?»

«‹ብትነግሪ...›» ሻህሎ ጣቷን ቃሉ ላይ አሳረፈች። «‹ብትነግሪ በቁሜ ቀበርሽኝ።›»

«ናሲባ አማቷን ‹ብትነግሪ› ብላ ታውቃለች? በዚህ ቤት?»

«አታውቅም» አለ ኡስቶ ሐምሮ። «አንድም ቀን።»

«እነግራለሁ ያለችው ናሲባ ናት። በቁሜ ቀበርሽኝ ያሉት እናትሽ ናቸው። ሹክሹክታ ድምፅ አይለይም፤ አንቺም አስቀድመሽ የፈረድሽውን ሰማሽ። ጆሮሽ ግን ታማኝ ነው፤ ቃሉን ሳያጎድል ያዘልሽ።»

ሳድባርግ የኪኒን ማሸጊያዎቹን ምንጣፉ ላይ ዘረጋች። «እነዚህ በእሳቸው ትራስ ውስጥ ነበሩ። ቆሻሻ የሚደፉት ኡስቶ ስለሆኑ ቅርጫት ውስጥ መጣል አልቻሉም። የመጀመሪያው ባህሮም ከተቀበረ ብዙም ሳይቆይ የተገዛ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ አታልቅሱ ያሏችሁ እናት ያለ ኪኒን ጎናቸው አላረፈም። ሁላችሁ በእሳቸው ተደግፋችሁ ቆማችሁ ነበርና እንዳትወድቁ ብለው ደበቁ። የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር።»

«እንግዲያው እሷ ናት ያስለመደቻት!» አለች ሻህሎ፤ ግን ቁጣዋ አቅም አልነበረውም።

«የእናትሽን ሻሽ አምጪልኝ።»

ሻህሎ ከሣጥን አወጣችው። ከዚያ ቀን ወዲህ አልታጠበም፤ አልተፈታም። በአንዱ ጫፉ ትንሽ ቋጠሮ አለ። ሳድባርግ ለሻህሎ ራሷ እንድትፈታው ምልክት ሰጠቻት። ቋጠሮው ጠንክሯል። በመጨረሻ አራት ጊዜ የታጠፈች ወረቀት ወደቀች።

«አንብቢው።»

«‹ለሐኪሙ። አማቴ ይህን ኪኒን...›» ሻህሎ የመድኃኒቱን ስም አለፈችው። «‹በየምሽቱ አንድ ይወስዳሉ። ዛሬ ምርመራውን ስለፈሩ፣ ወረቀቱም የየቀኑን ውሰዱ ስለሚል፣ ጠዋትም አንድ ጨምረዋል። እባክዎ ለብቻቸው ያነጋግሯቸው። ቤተሰብ አያውቅም። ናሲባ።›»

ዶክተር ኢስካንዳር ተነሣ፤ መልሶ ተቀመጠ። «ይህን ባይ ኖሮ» አለ፣ «ምርመራውን ለሌላ ቀን አዛውረው ነበር። ሌላ ምንም አላደርግም ነበር። ለሌላ ቀን ብቻ።»

«መመሪያችሁ የየቀኑን ይውሰዱ አለ፤ ወሰዱ። የትኛውን ብሎ ለብቻቸው የጠየቃቸው የለም። ይህ በሪፖርቴ ውስጥ አለ» አለችው ሳድባርግ። «ነርሷ የጠየቀቻቸው ልጃቸው ባለችበት ነው። ወረቀቱን ሊሰጡ ሲሉ ደግሞ ሰው ቸኮለ።»

ታህሚና ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች።

«እኔ ነኝ» አለች ሻህሎ ቀስ ብላ። «እኔን አይታ ነው ዝም ያለችው። ‹ሌላ ነገር አትወስድም› ያልኩት እኔ ነኝ።»

ሳድባርግ አይደለሽም ልትላት አልቻለችም፤ ነሽም አላለቻትም። «አላወቅሽም» አለች። «ገዳይ ፈልጌ መጥቼ ነበር፤ በዚህ ክፍል ውስጥ ገዳይ የለም።»

ወደ ናሲባ ዞረች። «ለምን አልነገርሽኝም? ወረቀቱን ብትጠቅሺ አንድ ቀን አትጠረጠሪም ነበር።»

«በእጃቸው የሰጠኋቸው ወረቀት ሐኪሙ ጋ አለመድረሱን ስሰማ፣ ሆን ብለው ያስቀሩት መሰለኝ» አለች ናሲባ። «ሞተውም እንዲታወቅ ያልፈለጉ መሰለኝ። ለሰው እንዳልናገር በባህሮም መቃብር አስምለውኛል። ይተዉት አልኳቸው፤ ለዳዳ እነግራለሁ አልኩ፤ ለመኑኝ። ምን ላድርግ? እኔ እኮ ሌላ እናት የለኝም።»

ኡስቶ ሐምሮ ማሸጊያዎቹን አንድ በአንድ ያነሳ ነበር።

«ልጄ ሲሞት» አለ ለማንም ሳይሆን፣ «እሷ ትገላበጣለች፤ እኔ ደግሞ ቢያንስ አንዳችን ተኝቷል ብላ ትጽናና ብዬ እያንኮራፋሁ አስመስል ነበር። ጎረምሳ ይመስል ሌሊቱን ሙሉ አንኮራፋለሁ። ከዚያ አንድ ቀን ተኛች። በማግስቱም ተኛች። አላህ ሰማኝ ብዬ ሁለት ረከዓ ሰገድኩ።» ማሸጊያውን በጣቱ ዳሰሰ። «ኪኒን መሆኑን ማን ያውቃል? ብትነግረኝ እኮ አብሬያት እቀመጥ ነበር። አብረን እናለቅስ ነበር።»

ከዚያ ሽማግሌው ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ። በልጁ ሞት ያላለቀሰው ሰው፣ ለሁለቱም በአንድ ጊዜ አለቀሰ፤ ውጭ የነበሩት ወንዶች ሰምተው ከአግዳሚያቸው ተነሡ።

ሳድባርግ በናሲባ ላይ የተከፈተውን መዝገብ በዚያው ቀን ዘጋች። ዶክተሩ ለስድስት ወር ታገደ፤ አልተከራከረም። ታህሚና ከአንድ ዓመት በኋላ ወደ ሥራ ተመለሰች፤ ዛሬም የትኛውንም በሽተኛ ከመጠየቋ በፊት ቤተሰቡን በትሕትና ወደ ውጭ ታስወጣለች።

ያን ቀን ግን፣ ሌሎቹ ሲወጡ፣ ሻህሎ ከናሲባ ፊት ተንበርክካ ቀርታ ነበር።

«ይቅር በይኝ» አለቻት።

«ዛሬ አይሆንልኝም፣ አፓ፣ እህቴ» አለች ናሲባ። «ሃያ ቀን ሙሉ ከሐዘንተኛ ጋር አልተቀመጥኩም። መጀመሪያ ላልቅስላት።»

ሻህሎ ተነሥታ ከሣጥኑ ሰማያዊ ቀሚስ አወጣችና በሁለት እጇ አቀረበችላት።